ባለቤት ያጣ ግሥ

… ታዲያ ይሄ እዚህ ተጎልቶ ምን ይሠራል፣ ሾርባዎቹን እኮ፣ የባክቴሪያ ቀለቦቹን፣ ጠራርጋ ማሽኑ ውስጥ አስገብታለች፣ በገዛ እጇ፣ አፋቸውን በፎይል ሸፍና፣ ቅርጫቱ ውስጥ ደርድራ፣ ክዳኑን ጠርቅማ፣ አንድም አልቀረም ብላ እጇን አራግፋ ነበር፣ ይኸው ቀርቷል፣ ከመታጠቢያው አጠገብ፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣ ቢጫ፣ ድፍርስ፣ ያልፈላ፣ ምንም እንዳልበደለ ሰው ቁጭ ብሏል። ከቀረ ይቅር። ለአንድ ጠርሙስ ደግሞ። ግን ቅርጫቱ ጢም ብሎ ነበር እኮ፣ ጣት የምታስገባበት ክፍተት አልነበረም፣ የመጨረሻውን ጠርሙስ በግድ ነው ያስገባችው፣ ይሄኛው ውጪ ከቀረ በእሱ ቦታ የገባው ማነው።

ሆዷ ቀድሞ አወቀ። ጭንቅላቷ ገና መንገድ ላይ ነው፣ እግሯ ግን ወደ ማሞቂያ ሳጥኑ ወስዷታል፣ በሩን ትከፍታለች፣ ለብ ያለ አየር ፊቷን ይዳስሳታል፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ክብ የውሃ አሻራ አለ፣ የባክቴሪያዎቹ ጠርሙስ የቆመበት፣ ጠርሙሱ የለም። ትዘጋዋለች። ደግማ ትከፍተዋለች፣ ሰው ሲጨንቀው የዘጋውን በር መልሶ ይከፍታል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት የጠፋው ነገር አፍሮ የሚመለስ ይመስል። የለም።

ኧረ ጉድ፣ ኧረ ጉዴ ፈላ፣ ጉዴ ብቻ አይደለም የፈላው።

ጠዋት ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ ፎይሉ ተቀዶ ነበር፣ ጫፉ ተገልቦ፣ አቧራ ይገባባቸዋል አልኩ፣ አሳዘኑኝ፣ አዎ አሳዘኑኝ፣ አውጥቼ አዲስ ቆብ አለበስኳቸው፣ አሮጌውን ጨምድጄ ጣልኩት፣ ስማቸው ደግሞ አሮጌው ቆብ ላይ ነበር። ቆብ ላይ። ስም ጠርሙሱ ላይ እንጂ ቆቡ ላይ አይጻፍም፣ ቆብ ይቀያየራል፣ ዶክተር፣ አስተማሪያቸው፣ ይሄን የነገሯቸው ገና ወደዚህ ቤተ ሙከራ በገቡበት ቀን ነው፣ እሷም ነገም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተዋል። ነገ ማለት አብሯት የሚሠራው የክፍሏ ልጅ ነው፣ ምን ቢጠየቅ ነገ ስለሚል ነገ ብለው አወጡለት፣ ነገ ዛሬም አረፈደ እያሉ ይስቁበታል፣ እሱም ይስቃል፣ እሷን ጓንት ያላት ደግሞ እሱ ነው፣ ያለ ጓንት አይቷት ስለማያውቅ። ነገ ቆቡ ላይ ጻፈ፣ እኔ ቆቡን ጣልኩ፣ ከዚያ ዱቄቱን ልመዝን ዞር አልኩ፣ ስመለስ ጠርሙሶቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ድፍርስ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ቆብ ያጠለቁ፣ ዩኒፎርም እንደለበሱ ተማሪዎች፣ እና አነሳኋቸው፣ አስገባኋቸው።

ማሽኑ ጥግ ላይ ይተነፍሳል። አውቶክሌቭ ይሉታል፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ በርሜል የሚያክል የግፊት ድስት ነው፣ ጀርም ገዳይ፣ ነፍስ ይዞ የገባ ነገር ነፍስ ይዞ አይወጣም፣ ሥራው እሱ ነው፣ ለዚሁ ነው የተገዛው። ፊሽካውን ነፍቶ ጨርሷል፣ አሁን እየበረደ ነው፣ ጠቋሚው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ዜሮ ካልደረሰ ክዳኑ አይነካም፣ ብትከፍተው እንፋሎቱ ፊቷን ይዞ ነው የሚሄደው። ቁጭ ትላለች። ባለሦስት እግሯ በርጩማ ትንቋቋለች። ምናልባት መሃል ላይ ያሉት አልሞቀባቸው ይሆናል። ምናልባት። ምን ምናልባት፣ ራስሽን አታሞኚ፣ በዚህ ሙቀት ብረት ይላብበታል፣ በዚህች ጠርሙስ ውስጥ ያሉት በቁጥር ከዓለም ሕዝብ ይበልጣሉ፣ እና አንድም አልተረፈም፣ አንድም።

እነሱ ደግሞ እንደሌሎቹ አይደሉም። ሌላው ባክቴሪያ ሞልቷል፣ የበር እጀታ ላይ አለ፣ ጥርሷ ላይ አለ። እነዚህ ግን ከወንዙ ዳር ካለው የባቄላ ማሳ፣ ውሃው ጨው ከሆነበት፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ እነሱን ያዘለው ባቄላ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘበት፣ ከሥሩ የተለቀሙ ናቸው፣ ዶክተር በጉልበታቸው ተንበርክከው የለቀሟቸው፣ ሌላ ቦታ የሉም። ጎን ባለው ክፍል ማሰሮዎቹ ተደርድረዋል፣ ባቄላዎቹ ጨዋማ ውሃ ይጠጣሉ፣ ገሚሶቹ ከነዚህ ባክቴሪያዎች ጋር ገሚሶቹ ያለ እነሱ፣ ነገ ጠዋት፣ ነገ ልጁ ሳይሆን ነገ ቀኑ፣ ባለ ባክቴሪያዎቹ ድጋሚ ይሰጣቸው ነበር። ምን ልትሰጣቸው ነው። ሾርባ።

ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። መጠባበቂያ አለ! አሮጌው ማቀዝቀዣ ተቃጥሎ ሁሉም ነገር የቀለጠ ጊዜ ዶክተር ለነገ ነግረውታል፣ ከጠርሙሱ ቀንሰህ አዲሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥ ብለውታል፣ በስብሰባው ላይም ጠይቀውት ተቀምጧል ብሏል፣ ተቀምጧል ዶክተር፣ በራሷ ጆሮ ነው የሰማችው። ተመስገን፣ እሰይ፣ ትንፋሿ ይመለሳል፣ ታዲያ ምን አስጨነቀሽ አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ይወጣል፣ ይባዛል፣ ጥቂት ቀን ያልፋል፣ ትሰደቢያለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ ያልፋል።

ስልኳ ይንጫጫል። እማዬ ናት። ጓንቷን በጥርሷ ልታወልቅ ትልና፣ ጀርም ነው፣ ትተወዋለች፣ በክርኗ ትነካዋለች። ሄሎ፣ የኔ እናት፣ በላሽ፣ በላሁ እማዬ፣ ምን በላሽ፣ በላሁ አልኩሽ እኮ፣ እሺ አትቆጪ፣ ልጆችሽስ፣ እነሱስ በሉ? ልጆችሽ የምትላቸው ባክቴሪያዎቹን ነው። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ጀርም ደግሞ ይቀለባል እንዴ፣ ሰው ሳሙና ገዝቶ የሚያባርረውን፣ ኋላ ግን ለመደቻቸው፣ ለጎረቤቶቹ ልጄ ጀርም ታረባለች ብላ በኩራት ስታወራ እንደነበር ሰምታለች፣ አሁን ሳትጠይቅ ስልክ አትዘጋም፣ ደህና ናቸው፣ አደጉ፣ ብርድ አይመታቸውም። ብርድስ አልመታቸውም። ደህና ናቸው እማዬ፣ ትላለች፣ ጠቋሚውን እያየች፣ ሁሉም ደህና ናቸው። እሰይ፣ በርቺልኝ፣ አለችና ዘጋች፣ ደህና ናቸው የሚለው ቃል ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ፣ አፏ ላይ እንደ ሳሙና መረራት።

ይሄንን ልታጣ ነው። ዋናው እሱ ነው፣ ምን ታድበሰብሺዋለሽ፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ዶክተር የአንዱን ስም ይናገራሉ፣ በዕረፍቱ አብሯቸው የሚቀረውን፣ የመመረቂያ ሥራውን በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራውን፣ ቁልፍ የሚሰጠውን፣ ያ ሰው እኔ እሆናለሁ ብላ ነበር፣ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ቁልፉን የምታንጠለጥልበት ቀይ ክር ሁሉ ገዝታለች። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ስለ ባክቴሪያ ገጽ በገጽ ሸምድዳ፣ ፈተናውን አንደኛ ወጥታበት፣ አንድ ባክቴሪያ በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ዶክተር አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ አደረጓትና ምን ይታይሻል አሏት፣ በትር መሰል፣ ነጠላ ሕዋስ፣ ኒውክለስ አልባ፣ መጽሐፉን አልጠየቅኩትም፣ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ፣ ምን ይታይሻል፣ ደግማ አየች፣ ዓይኗ እስኪያለቅስ አየች፣ ይርመሰመሳሉ አለች፣ ዶክተር፣ ይርመሰመሳሉ! ሳቁ፣ በይ እሱን ጻፊው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፏ ውስጥ እንኳ ይርመሰመሳሉ። አሁን አይርመሰመሱም።

ግን መጠባበቂያው አለ። አለ። ተቀምጧል።

ተቀምጧል። ማን አስቀመጠው?

ይሄ የዶክተር በሽታ ነው፣ ተጋብቶባታል፣ ተማሪው ሁሉ እትዬ ማን የሚላቸው በከንቱ አይደለም፣ በዚህ ክፍል ባለቤት የሌለው ግሥ አይገባም ይላሉ፣ ግሥ ከገባ ባለቤቱን ይዞ ይግባ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቱቦ ከእጇ ወድቆ ሄደችና ቱቦው ተሰበረ ዶክተር አለች፣ ማን? ማለት ተሰበረብኝ፣ ብኝ ምንድናት፣ ቱቦው አንቺን ሊጎዳ ተነሳ? ፊቷ ጋለ፣ ለምን ያካብዳሉ እኚህ ሴትዮ አለች በሆዷ፣ አንድ ቱቦ እኮ ነው፣ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጠብቃሉ፣ ሰበርኩት፣ ሰበርኩት ዶክተር፣ ጎሽ፣ በይ አሁን መጥረጊያ አምጪ፣ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ። አለቀ። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ፣ ግራ የገባት እሱ ነው። የሰበረው ካልታወቀ እንዴት እንደተሰበረ አይታወቅም፣ እንዴት ካልታወቀ ሌላ ጊዜም ይሰበራል፣ እኔ ፍርድ ቤት አይደለሁም፣ ማን የምለው እንዴት ለማለት ነው አሏት።

እነሱ ቤት እንዲህ አይባልም። እነሱ ቤት ማንም ሰው ምንም አድርጎ አያውቅም፣ ነገሮች በገዛ ፈቃዳቸው ይሆናሉ፣ ወተቱ ገነፈለ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ሸሚዙ ተቃጠለ፣ የቤት ኪራዩ ቀን አለፈ፣ ወንድሟ ፈተና ወደቀበት እንጂ ፈተና ወድቆ አያውቅም። ትዳሩ ፈረሰ ትላለች እማዬ፣ አባቷ ልብሱን በሻንጣ አድርጎ የወጣበትን ቀን፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ዝናብ እንደመታው አጥር፣ ማን አፈረሰው ብሎ የጠየቀ የለም፣ እሷም አልጠየቀችም፣ እማዬን ብትጠይቃት ምን ትል ነበር። አሁን ይሄን ምን አመጣው።

በሩ ይገፋል፣ ነገ ነው፣ ቦርሳው በአንድ ትከሻው፣ አፉ ውስጥ ማስቲካ፣ ጓንት፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው፣ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ። አልተበላሸም። በደንብ ሠርቷል። ባክቴሪያዎቹ ውስጥ ናቸው ትለዋለች፣ የት ውስጥ፣ እዚያ ውስጥ፣ በአገጯ ታሳየዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ ቀልደኛ ሆነሻል ዛሬ፣ ከዚያ አይስቅም፣ ማስቲካው መንጋጋው ላይ ይቆማል። አትቀልጂ። አልቀለድኩም። እነሱ? እነሱ። ግን ግዴለም፣ ትለዋለች፣ ችኩል ብላ፣ ልታጽናናው፣ መጠባበቂያው አለ አይደል፣ አንተ ያስቀመጥከው፣ ከእሱ እናወጣለን።

ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል።

አለ አይደል? ተቀምጧል ብለሃል እኮ። ብያለሁ፣ ይላል፣ ድምፁ ከጫማው ውስጥ ነው የሚመጣው። ብለሃል፣ ግን አስቀምጠሃል? ቱቦዎቹን አዘጋጅቼ ነበር፣ ምልክት ሁሉ አድርጌባቸው ነበር፣ ከዚያ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ያው… በማግስቱ ላስቀምጠው ነበር፣ ስብሰባው ላይ ሲጠይቁኝ ደነገጥኩ፣ ተቀምጧል አልኩ፣ ማን ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ስልካቸው ጮኸና ወጡ፣ አላሉም፣ በሕይወታቸው አንዴ ሳይሉ ቀሩ። ይሄኔ መሳቅ ያምራታል፣ እንባዋም መጥቷል፣ የትኛው እንደሚቀድም አታውቅም፣ ይሄ ጅል፣ ይሄ ምስኪን፣ በየማታው ለታናሽ እህቱ በስልክ ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ፣ እዚህ ቆሞ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፣ በቦክስ ልትለው ትፈልጋለች፣ አንተ ቀሽም ልትለው ትፈልጋለች፣ ደግሞም እኮ ቢያስቀምጠው እንኳ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

እንዲህ አሰበችው። ገደልኳቸው። ጮክ ብላ አላለችውም።

ጠቋሚው ግማሽ ደርሷል።

ስሚኝ፣ ይላል ነገ፣ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲወጣ እኮ ምንም አይለይም፣ ድፍርስ እንደሆነ ነው የሚወጣው፣ የሞተውም የቆመውም መልኩ አንድ ነው፣ እናበርደዋለን፣ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ቦታው እንመልሰዋለን፣ ነገ ጠዋት ማብቀያ ሳህን ላይ ቀብተን እናያለን፣ አይበቅልም፣ ሞቱ እንላለን። ሞቱ። ባክቴሪያ እኮ ይሞታል ጓንት፣ የሰው ልጅም ይሞታል። ያኔ መጠባበቂያውን ከማቀዝቀዣው አውጣ ቢሉህስ። እሱም ሞተ እላለሁ፣ ማቀዝቀዣ እንደሆነ በዚህ ቤት ታሪክ አለው። አያችሁት፣ ነገ ያቃተው ማድረግ ነው እንጂ ማሰብስ ያስባል።

እና ደግሞ እውነት ነው። እሱ ነው የሚያሳብደው። ሞቱ ብትል አልዋሸችም፣ ሞተዋል፣ ማንም መጥቶ በአጉሊ መነጽር ቢያይ ሞተዋል ነው የሚለው፣ ሞቱ እውነት ነው፣ ሞቱብኝም እውነት ነው፣ አዘንኩ ማለት ነው፣ አዝናለች፣ ገደልኳቸውም እውነት ነው፣ ሦስት እውነት በአንድ ጠርሙስ፣ አንዷን ብቻ ምረጪ። ወይ በጨዋ ቋንቋ ይጻፋል፣ በናሙና ዝግጅት ሂደት ወቅት በተፈጠረ የአያያዝ ክፍተት ምክንያት የባክቴሪያ ዘሩ ለከፍተኛ ሙቀት ተጋልጧል፣ ምን ያምራል፣ ክራቫት ያሰረ ዓረፍተ ነገር፣ ክፍተት ተፈጠረ፣ ክፍተቱ ነው እንግዲህ ጓንት አጥልቆ፣ ጠርሙስ አንስቶ፣ ቅርጫት ውስጥ የጠቀጠቀው። ማን ይሏታል። ክፍተቱ፣ ዶክተር። ቁልፉ ይሰጣታል። ቀይ ክር ላይ ያንጠለጥሉላታል።

ከዚያስ። ሞቱ ካለች ዶክተር አሜን ብለው አይቀመጡም፣ ለምን ሞቱ ይላሉ፣ ማሞቂያ ሳጥኑን ይጠረጥራሉ፣ ቴርሞሜትሩ ይለወጣል፣ ጠጋኝ ይጠራል፣ ጤነኛው ማሽን ይታከማል፣ ሾርባው ይመረመራል፣ ውሃው ይመረመራል፣ እሷም አብራ ትመረምራለች፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ቁልፏን አንጠልጥላ፣ የሌለ በሽታ ፍለጋ አብራቸው ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ምን ይታይሻል ይሏታል አጉሊ መነጽሩ ላይ አስጎንብሰው፣ ምን ልትል ነው። ማየት ያስተማሯትን ሴትዮ የሌለ ነገር ልታሳያቸው ነው።

አልችልም፣ ትለዋለች። ምኑን፣ ሞቱ ማለት፣ ለምን፣ አፌ አይልልኝም። አታካብጂው እንጂ፣ ያንቺን ብትናገሪ የኔም ይወጣል እኮ፣ አስበሽዋል፣ የዓመቱ ውጤቴ ነው፣ ከዚህ ካስወጡኝ ዓመት እደግማለሁ፣ ለእናቴ ምን እላታለሁ። አስባዋለች። ጓንቷ ውስጥ ጣቶቿ ረጥበዋል። ያንተን አልናገርም፣ ትለዋለች፣ የራሴን ብቻ ነው የምናገረው፣ ያንተ አንተ ጋ ነው ያለው። ይሄማ ያው ነው ይላል፣ ያው አይደለም ትላለች፣ ያው ይሁን አይሁን ግን እሷም አታውቅም፣ ፈርታለች፣ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተኛ። ማሽኑ ቀጭን ፉጨት አወጣና ዝም አለ። ኮሪደሩ ላይ የዶክተር ጫማ ይሰማል፣ ሁልጊዜ አንዱን ተረከዝ ይጎትቱታል፣ ሲቃረብ፣ ሲቃረብ፣ ነገ ተነስቶ ቆመ፣ እሷም ቆመች፣ ለምን እንደቆሙ እንጃ፣ መዝሙር ሊዘምሩ ይመስል።

ደህና ዋላችሁ ልጆቼ፣ ይላሉ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ እጃቸው ወረቀት ታቅፏል፣ ሾርባው ደረሰ፣ ከዚያ ቀና ይላሉ፣ ያዩዋቸዋል፣ ምን ሆናችኋል። ምን ሆናችሁ ነው የምላችሁ፣ ሰው ታመመ? አይ ዶክተር፣ ትላለች፣ ባክቴሪያዎቹ… ባክቴሪያዎቹ ማሽኑ ውስጥ… ገብተው… ገብተው ትላለች እንደገና፣ በራሳቸው እግር የገቡ ይመስል፣ ዶክተር መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ያወርዳሉ፣ ሊጠይቋት ነው፣ ያቺን ቃል ሊሏት ነው፣ ሳይሏት መድረስ አለባት፣ ተጠይቃ ከሆነማ ምኑን ተናገረችው፣ አስገባኋቸው፣ ትላለች፣ ቆቡን ቀይሬ፣ ስማቸውን ከቆቡ ጋር ጣልኩት፣ ከሾርባዎቹ ጋር ደባለቅኳቸው፣ አፈላኋቸው፣ ዶክተር፣ ገደልኳቸው።

ተባለ። አይ፣ አልኩት።

ቧንቧው ይንጠባጠባል። ዶክተር ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ያስተካክሏቸዋል፣ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ያስተካክሏቸዋል፣ አልተቆጡም፣ ምነው በተቆጡ፣ ፊታቸው በአንድ ጊዜ አርጅቷል። መጠባበቂያው ይላሉ ቀስ ብለው። ለማንም አይደለም የጠየቁት፣ ለክፍሉ ነው፣ እሷ ታውቃለች፣ አታይም፣ ወደ ነገ ዞር አትልም፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ትተክላለች፣ ያንተ አንተ ጋ ነው፣ ያንተ አንተ ጋ ነው፣ አንገቷ ይደነድናል። የማስቲካ መዋጥ ይሰማል። አላስቀመጥኩም፣ ይላል የነገ ድምፅ፣ ተቀምጧል ያልኩት… አላስቀመጥኩም ዶክተር። ውሸቴን ነው።

ቁጭ ይላሉ። የእሷ በርጩማ ላይ፣ ትንቋቋለች። እኔም ማን ብዬ ሳልጠይቅህ ወጣሁ፣ ይላሉ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው፣ ሄጄም አላየሁትም፣ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሄጄ አላየሁትም። መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ረጅም ጊዜ ይጠርጋሉ፣ እየጠረጉ ሳለ አንድ ጊዜ አፍንጫቸውን ይስባሉ፣ እሷም ነገም መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዳሉ፣ ዶክተር ሲያለቅሱ ማየት ከመባረር ይብሳል። ሂዱ ሊሉን ነው። አሁን። ነጭ ካፖርቱን አውልቄ የት ላይ ነው የምሰቅለው፣ መስቀያው ላይ ነው ወይስ መልሼ ለእሳቸው ነው የምሰጠው፣ ለእማዬ ምን እላታለሁ፣ ልጆችሽስ ስትለኝ።

ክፈቺው፣ ይላሉ።

የሙቀት ጓንቱን ከላይ ትደርባለች፣ ክዳኑን ታላላለች፣ እንፋሎቱ ጣሪያው ድረስ ይወጣል፣ ሾርባዎቹ ጠርተዋል፣ እንደ ሻይ፣ ታች ያለው ይታያል፣ አንዷ ብቻ ድፍርስ ናት፣ እሷን አንስታ ታቀብላቸዋለች፣ በፎጣ ይይዟታል፣ ወደ መስኮቱ ያነሷታል፣ የከሰዓት ብርሃን ያልፍባታል፣ ልክ እንደ ጠዋቷ ናት፣ አንድ ነገር አልጎደላትም፣ ነገ እውነቱን ነው፣ መልኩ አንድ ነው። ዶክተር ያወዛውዟታል፣ ያያሉ፣ ምን እንደሚታያቸው አትጠይቅም፣ ያስቀምጧታል፣ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ቁጥር ይፈልጋሉ።

ለጽሕፈት ቤቱ ነው። ለክፍል ኃላፊው ነው፣ ስማችንን ሊሰጡ ነው፣ እኔ ነኝ ልበል፣ እሱ እንዲቀር ልበል፣ የነገ ጉንጭ ቀልቷል፣ ይሰማሉ ሁለቱም፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። ሄሎ፣ አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ፣ ባለቤትህ እንዴት ናት፣ ይላሉ ዶክተር፣ ስማኝማ፣ ያ የወንዙ ዳር የባቄላ ማሳህ ታርሷል? … አልታረሰም? … አንድ ጥግ ቀርቷል፣ ተመስገን፣ እሷን ጥግ እንዳትነካብኝ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እንደገና ልንመጣ ነው፣ አዎ ከሥሩ፣ እንደገና ከዜሮ፣ … ምን እንሆናለን፣ ባክቴሪያዎቹን ገደልናቸው።

ገደልናቸው።

ሰምታለች ወይስ ጆሮዋ ነው። ገደልናቸው አሉ። ሞቱ አላሉም፣ ተማሪዎቼ ገደሉብኝ አላሉም፣ እሱን ማለት ይችሉ ነበር፣ እውነት ነበር፣ ማንም ሰው የሚለው እሱን ነው፣ ልጆቹ ገደሉብኝ፣ እሳቸው ጠዋት እዚህ እንኳ አልነበሩም፣ ግሡን አነሱት፣ ከባዱን ግሥ፣ ከእሷ ትከሻ ላይ ሙሉውን አላወረዱትም፣ አንድ ጫፉን ያዙት። ኳ ነበረ፣ ና ሆነ። ገደልኳቸው፣ ገደልናቸው። እንባዋ ያመልጣታል፣ ማቆም አይቻልም፣ በጓንቷ ልትጠርግ ትልና ትተወዋለች፣ ይፍሰስ፣ በአፍንጫዋም በአገጯም ይፍሰስ፣ ነገ አጠገቧ ቆሞ ጣሪያውን ያያል፣ ጣሪያው ላይ ምንም የለም፣ እሱም እያለቀሰ ነው።

ዶክተር ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ይዞራሉ፣ ዓይናቸው ቀይ ነው፣ ድምፃቸው ግን የሥራ ድምፅ ነው፣ ቦት ጫማ አለሽ፣ ይሏታል፣ እዚያ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ ዕረፍቱን በሙሉ መቆፈራችን ነው። አንተም፣ አንተ ዛሬ ነው የምትፈልገው፣ ነገ እንዳትለኝ። የለኝም ዶክተር፣ ትላለች አፍንጫዋን ስባ፣ ቁጥርሽ ስንት ነው፣ ሠላሳ ሰባት፣ የኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነው ይሰፋሻል፣ እግርሽ ውስጡ ይዋኛል፣ ካልሲ እደርባለሁ፣ ትላለች፣ ወፍራም፣ ሁለት፣ ሦስትም ቢሆን እደርባለሁ፣ እመጣለሁ፣ እቆፍራለሁ።